ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው፣ ፊደሉ ግን ይዘላል፦ ከአንጎል መናወጥ በኋላ የዓይን ሐኪም ሥራ

ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ሪያል ማድሪድና ሊቨርፑል ኪየቭ ላይ ለሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ይጫወታሉ። ከእረፍት መልስ የሊቨርፑሉ በረኛ ሎሪስ ካሪየስ ኳሷን በእጁ ሊያቀብል ሲል የማድሪዱ ቤንዜማ እግሩን ዘረጋ። ኳሷ እግሩ ላይ ነጥራ መረብ ውስጥ ገባች። ኋላ ደግሞ ቤል ከሩቅ የመታት ኳስ ከበረኛው እጅ ሾልካ ገባች። 3 ለ 1 አለቀ። ካሪየስ እያለቀሰ ደጋፊውን ይቅርታ ጠየቀ። በየካፌውና በየዲኤስቲቪ ቤቱ ያልወረደበት ስድብ አልነበረም።

ከ5 ቀን በኋላ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመረመረ። ከመጀመሪያው ስህተት ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ የማድሪዱ ተከላካይ የራሞስ ክርን ጭንቅላቱን አግኝቶት ነበር። ሐኪሞቹ አንጎሉ ተናውጧል አሉ። ነገሮች የት እንዳሉ በዓይን የመገመት ችሎታውም ተዛብቶ እንዳገኙት ጻፉ። ይህ ችግር ምቱ እንደደረሰበት ሳይጀምር እንዳልቀረና ጨዋታውን ሊነካበት እንደሚችል ገለጹ። ለስህተቱ ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው አላሉም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። ብዙ ሰው ግን «ሰበብ ነው» ብሎ አለፈው።

እኔን የሚቆጨኝ እሱ «ሰበብ ነው» የሚለው ቃል ነው። ያ ቃል በየቤቱ አለ። ልጁ ከብስክሌት ወድቆ ራሱን ተመቶ፣ ሳምንት አርፎ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ሁለት ገጽ አንብቦ «ራሴን አመመኝ» ሲል ሰንፎ ነው ይባላል። ባጃጅ የተገለበጠባት ሴት ገበያ ውስጥ ስትገባ ሁሉ ነገር እየዞረባት ትመለሳለች። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል። ሲቲ ስካን ተነስተዋል፣ ንጹሕ ነው ተብለዋል። ዓይናቸውን ግን ማንም በቅጡ አላየላቸውም።

የአንጎል መናወጥ፣ ብዙ ሰው ኮንከሽን የሚለው ማለት ነው፣ ምን እንደሆነ ለመረዳት ወተት የሚናጥበትን ቅል አስቡ። ቅሉ ሳይሰነጠቅ፣ ጠብታ ሳይፈስ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይናጣል። አንጎልም ለስላሳ ነው፤ የራስ ቅል ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል። ጭንቅላት ሲመታ ወይም አንገት በድንገት ሲወረወር አንጎል ወዲያና ወዲህ ይናወጣል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፣ ይጠመዘዛሉ። የሴሎቹ የጨው ሚዛን ይዛባል። ሚዛኑን ለመመለስ አንጎል ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ደሙ ግን በዚያው ልክ አይደርስለትም። ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በጉልበት እጦት ይሠራል።

ሲቲ ስካን የሚያየው ቅሉ መሰንጠቁንና ደም መፍሰሱን ነው። ይሄ ሕይወት ያድናል፤ ሐኪም ሲያዝ መነሳት ግድ ነው። የተሳበ ክር ግን አይታየውም። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» ማለት «የሚፈስ ደም የለም» ማለት እንጂ «ምንም አልሆንክም» ማለት አይደለም። ራስን መሳትም የግድ አይደለም። አብዛኛው ሰው አንጎሉ ሲናወጥ ራሱን አይስትም።

ታዲያ ዓይን እዚህ ውስጥ ምን ቤት ነው?

ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። ከነዚህ 6ቱ ከዓይን ጋር ሥራ አላቸው፦ አንዱ ምስል ያደርሳል፣ ሦስቱ ዓይንን ያንቀሳቅሳሉ፣ የቀሩት ሁለቱ በዋናነት ለመቁሰል ስሜትና ለመጨፈን ናቸው። እያንዳንዱ ዓይን ላይ 6 ጡንቻ አለ፤ በሁለቱ 12። እነዚህ 12 ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ካልሠሩ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ትእዛዙ ከአንጎል የፊት፣ የጎንና የኋላ ክፍሎች፣ ከአንጎል ግንድና ከትንሹ አንጎል ይመጣል። ማየት ራስ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሥራ ነው። አንጎል ተናውጦ አንዱ ጋ ሳይነካው የሚቀርበት ዕድል ጠባብ ነው።

እዚህ ላይ በደንብ መለየት ያለበት ነገር አለ። ዓይን ክሊኒክ ስትሄዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰሌዳ ታነባላችሁ። ለጤናማ ዓይን የተለካውን ትንሽ መስመር ከደረሳችሁበት 6/6 ይባላል። ይህ የሚለካው የእይታ ጥራትን ነው፦ አንድ የማይንቀሳቀስ ፊደል፣ ከሩቅ፣ ተቀምጣችሁ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓይን። ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለም። መንገድ ስትሻገሩ እናንተም ትንቀሳቀሳላችሁ፣ መኪናውም ይንቀሳቀሳል። ስታነቡ ዓይን በሴኮንድ ሦስትና አራት ጊዜ ይዘላል። ስለዚህ ሰሌዳውን 6/6 አንብቦ መጽሐፍ ማንበብ የሚያቅተው ሰው ይኖራል። አይዋሽም።

ፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። አንጎላቸው የተናወጠ 100 ልጆችን መረመሩ፤ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ነው። 69ኙ ላይ ቢያንስ አንድ የእይታ ችግር ተገኘ። 51ዱ ዓይናቸው የቅርብና የሩቁን ማጥራት ተቸግሯል። 49ኙ ሁለቱን ዓይን ወደ ውስጥ ማገጣጠም ተቸግረዋል። 29ኙ የዓይን ዝላያቸው ተዛብቷል። ግማሽ ያህሉ ከአንድ በላይ ችግር ነበረባቸው። እነዚህ ልጆች ለክትትል ወደ ልዩ ክሊኒክ የመጡ ስለሆኑ ቁጥሩን ራሱን ለተመታ ልጅ ሁሉ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ከ10 ልጅ 7 ማለት ብዙ ነው።

እስቲ እነዚህን ችግሮች አንድ በአንድ በእጃችን እንንካቸው።

እስክሪብቶ ያዙ። ጫፉን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ አፍንጫችሁ አምጡት። ሁለቱም ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ። አንድ ቦታ ሲደርስ እስክሪብቶው ሁለት ይሆናል። ጤናማ ሰው ላይ ይህ የሚሆነው ከአፍንጫ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ሦስት ጣት ቢገባ ነው። አንጎሉ የተናወጠ ሰው ላይ ግን 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ሰው መጽሐፍ ሲይዝ ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ለማቆየት በግድ ይጎትታል። ለ5 ደቂቃ ይችላል። ከዚያ ግንባሩ ይከብደዋል፣ ፊደሉ ይደራረባል፣ መስመሩ ይጠፋበታል። አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ሲያነብ ካያችሁት ይሄው ነው። ቤት ውስጥ መሞከሩ ነገሩን ለመረዳት ነው እንጂ መርምሮ መፍረድ የባለሙያ ነው።

ሁለተኛው ማጥራት ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ለቅርብ ነገር ይወፍራል፣ ለሩቅ ይሳሳል። የኛን አገር ክፍል አስቡ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ተማሪው ቀና ብሎ ያያል፣ አቀርቅሮ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ? እያንዳንዱ ቀና ማለትና ማቀርቀር ሌንሱን አንድ ጊዜ ማሳሳትና ማወፈር ነው። ጤነኛ ልጅ አያውቀውም። የተመታ ልጅ ግን ቀና ሲል ሰሌዳው ይደበዝዝበታል፣ እስኪጠራ ይጠብቃል፣ ሲያቀረቅር ደብተሩ ይደበዝዝበታል። መምህሩ አጥፍተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ልጁ ጎደሎ ደብተር ይዞ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ልጅ የጓደኛውን ደብተር ፎቶ አንስቶ መስጠት ትልቅ ሕክምና ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ቸር አይደለም። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው። እይታው ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ቅጥያ ነው።

ሦስተኛው ዝላይ ነው። ዓይን በመስመር ላይ እንደ ውኃ አይፈስም። ከቃል ወደ ቃል ይዘላል፣ ለቅጽበት ያርፋል፣ እንደገና ይዘላል። ዝላዩ ሲዛባ ቃል ይዘለላል፣ ያነበቡት መስመር ይደገማል። አንዳንድ ባለሙያዎች ሕመምተኛው በጣቱ ወይም በወረቀት ጠርዝ እየተከተለ እንዲያነብ ይመክራሉ። እኛ ፊደል ስንቆጥር በስንደዶ እየጠቆምን እንደተማርነው ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ነውር አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ ይደንቀኛል። ስልካችሁን አንድ ቦታ ይዛችሁ ይህን መስመር እያነበባችሁ ጭንቅላታችሁን «አይሆንም» እንደምትሉ ወዲያ ወዲህ አወዛውዙ። ይነበባል። አሁን ጭንቅላታችሁን አቁሙና ስልኩን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙ። አይነበብም። ልዩነቱን የፈጠረው የውስጥ ጆሮ ነው። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ጭንቅላት መዞሩን ለዓይን ይነግራል፤ ዓይን በተቃራኒው ይዞራል። ይህ ሁሉ ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ነው የሚሆነው። ሰውነታችን ካሉት ፈጣን ምላሾች አንዱ ነው። መናወጥ ይህን ሲነካው ሰውየው በተራመደ ቁጥር ዓለም አብሮት ይራመዳል። መርካቶ የሚገባ ሰው፣ በመስኮት በኩል የሚሮጡ ዛፎችን የሚያይ የሚኒባስ ተሳፋሪ፣ የተደረደረ ዕቃ መካከል የሚሄድ የሱፐር ማርኬት ደንበኛ ይዞርበታል፣ ያቅለሸልሸዋል። ያቺ ከገበያ የተመለሰችው ሴት ምቿ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ብርሃን መፍራትም አለ። ፀሐይ ብቻ ሳይሆን የቢሮ መብራትና የስልክ ስክሪን ይወጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይቀመጣል፣ መጋረጃ ይዘጋል። ዓይን ጨለማ ሲለምድ ለብርሃን ይበልጥ ስስ ይሆናል፤ ሕመሙ ይብሳል። ውጭ ፀሐይ ላይ ጥቁር መነጽርም ባርኔጣም ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን መብራቱን መቀነስ እንጂ ጨለማ መፍጠር አይመከርም። ለሚብስባቸው ኤፍኤል 41 የሚባል ሮዝማ ቀለም ያለው መነጽር አለ። የሚወጋውን የብርሃን ክፍል ያጣራል እንጂ ሁሉን አያጨልምም።

አሁን ወደ ዓይን ሐኪሙ እንግባ። «የዓይን ሐኪም» ስንል አንድ ሰው አይደለም። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ስፔሻሊስት አለ። መነጽር የሚለካው፣ ዓይን እንዴት ተጣምሮ እንደሚሠራ የሚመረምረው ኦፕቶሜትሪስት አለ። ዓይንና አንጎል የሚገናኙበትን የሚያክመው ኒውሮ ኦፍታልሞሎጂስት አለ፤ እሱ በየትኛውም አገር ጥቂት ነው። መናወጥ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው።

የመጀመሪያ ሥራቸው አደገኛውን መለየት ነው። ጭንቅላትን የመታ ነገር ዓይንንም ሊመታ ይችላል። ዓይን ውስጥ ደም ሊቋጥር፣ ሬቲና የሚባለው ከኋላ ምስል የሚቀበል ስስ ሽፋን ሊቀደድ፣ ቅንድብ ላይ ያረፈ ምት የእይታ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ዓይን ውስጥ ጠብታ ጨምሮ ብሌኑን ከፍቶ ከኋላ ያለውን ነርቭ በቀጥታ ያያል። ነርቩ አብጦ ካገኘው የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊነግረው ይችላል። ያለ ቢላዋ ወደ አንጎል የሚታይበት መስኮት ይሄ ነው።

ሁለት መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ልጆችን ይመለከታል። ልጅ ዓይኑ አካባቢ በቡጢ ወይም በኳስ ሲመታ የዓይኑ ጉድጓድ ወለል እንደ ወጥመድ ተከፍቶ ሊዘጋ ይችላል፤ ጡንቻውን ቆንጥጦ ይይዘዋል። ውጭው ሲታይ ዓይኑ አልቀላም፣ አላበጠም። ልጁ ግን ያስመልሰዋል፣ ይደክመዋል፣ የልቡ ምት ይቀንሳል። ሁሉም ሰው የአንጎል መናወጥ ነው ብሎ አርፎ እንዲተኛ ያደርገዋል። ያን ጡንቻ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካላስለቀቁት ጡንቻው ሊሞት ይችላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ጭንቅላቱን ሳያነሳ በዓይኑ ብቻ ወደ ላይ እንዲያይ ጠይቁት። አንዱ ዓይን ካልወጣ ወይም ሲሞክር ካመመው በዚያው ቀን ይታይ።

ሁለተኛው አራተኛው ነርቭ ነው። ዓይንን ከሚያንቀሳቅሱት ሦስቱ ቀጭኑ እሱ ነው። ከአንጎል ግንድ ጀርባ ይወጣል፣ ራስ ቅል ውስጥ ከሁሉ ረጅሙን መንገድ ዞሮ ነው ዓይን ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ ራስ ሲመታ በቀላሉ ይጎዳል። የተጎዳበት ሰው ነገር ከላይና ከታች ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ በተለይ ደረጃ ሲወርድና ሲያነብ። ሳያውቀው አንገቱን ወደ አንድ ትከሻ ያዘነብላል። ቤተሰብ «አንገቱን አመመው» ብሎ ወጌሻ ይፈልግለታል። የዓይን ሐኪሙ ግን ባዘነበለው አንገት ብቻ ነገሩን ይጠረጥራል። ለጊዜው ፕሪዝም የሚባል ምስሉን የሚያዛውር ሌንስ መነጽሩ ላይ ይለጥፍለታል፣ ወይም የአንዱን ዓይን ሌንስ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስተር ይሸፍንለታል። ብዙው በወራት ውስጥ በራሱ ይሻለዋል።

አንዱ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ፣ የዓይኑ ቆብ ወድቆ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ እጅ እግሩ ከዛለ፣ ወይም ነገሮች በድንገት ሁለት ሆነው ከታዩት ይህ የክሊኒክ ወረፋ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል፣ አሁኑኑ። መብረቅ የመሰለ ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እይታን የሚጋርድ መጋረጃ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ነው።

አደጋው ከተለየ በኋላ የሚመጣው ጸጥ ያለው ሥራ ነው። ዓይኖች ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ይገጣጠማሉ፣ ሌንሱ ምን ያህል ያጠራል፣ ዝላዩ ምን ይመስላል ብሎ መለካት። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ አጭር መለያ አወጡ። በጣት መከተል፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ መዝለል፣ ወደ አፍንጫ ማቅረብ፣ ጭንቅላት እያወዛወዙ ማየት አለበት። ከእያንዳንዱ በኋላ «ራስ ምታትህ፣ ማዞርህ፣ ማቅለሽለሽህ፣ መደንዘዝህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ይባላል። ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፣ ከሜትር፣ ከሚታይ ነጥብና ሜትሮኖም ከሚባለው ምት ቆጣሪ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። ውድ ማሽን የሌለው ጤና ጣቢያም ሊያደርገው ይችላል። ይህን ሳስብ ተስፋ ይሰማኛል።

ሕክምናውን በተመለከተ ቀድሞ መባል ያለበት አብዛኛው ሰው በራሱ ይድናል። ትልልቆች በአብዛኛው በሁለት ሳምንት፣ ልጆች እስከ አራት ሳምንት ባለው። የመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ቀለል አድርጎ ማረፍ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ መራመድ፣ ማንበብ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት መተኛት ዛሬ አይመከርም። ስልክ ግን ይታረፍ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከ12 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 125 ወጣቶችን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከስክሪን እንዲርቅ ተነገረው፤ ሌላው ተፈቀደለት። የራቁት ግማሾቹ በ3 ቀን ተኩል ውስጥ ምልክታቸው ጠፋ። ያልራቁት ግን 8 ቀን ፈጀባቸው። ሁለት ቀን ቲክቶክ መተው ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ምልክቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀ የዓይን ባለሙያው ያለውን ያወጣል። አንዳንዴ መልሱ ተራ መነጽር ነው። ድሮ ትንሽ የቅርብ ችግር ኖሮት በጉልበት ይሸፍነው የነበረ ሰው አሁን ጉልበቱ አልቋል፤ ቀላል የማንበቢያ መነጽር ይገላግለዋል። ላይና ታቹ የተለያየ መነጽር የሚያደርጉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ እስኪሻላቸው የማንበቢያውን ለብቻ፣ የሩቁን ለብቻ ቢያደርጉ ማዞሩ ይቀላቸዋል። ሚዛን የተነካበት ሰው ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር አብሮ ይሠራል።

ከዚያ የዓይን ልምምድ አለ። እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት ዓይናቸው የማይገጣጠም 221 ልጆችን ተከታተለ። ክሊኒክ እየሄዱ ለ12 ሳምንት ልምምድ ከሠሩት 73 በመቶው ዳኑ ወይም ተሻላቸው። ቤት ውስጥ እርሳስ ወደ አፍንጫ ማምጣት ብቻ የታዘዙት ግን 43 በመቶ ናቸው። ለይስሙላ ሕክምና የተሰጣቸውም 35 በመቶ ተሻላቸው። ልምምዱ ይሠራል ማለት ነው። ግን እነዚያ ልጆች ጭንቅላታቸው የተመታ አልነበሩም፤ ጥናቱም ስለ መገጣጠም ችግር ብቻ ነው። ስለዚህ ለተለካና ስሙ ለተነገረ ችግር የተወሰነ ጊዜ ልምምድ ሲታዘዝ ጥሩ ነው። «ራስ ምታትንም፣ መርሳትንም፣ ድብርትንም በዓይን ልምምድ እናጠፋለን» ብሎ የአንድ ዓመት ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ ካለ ግን ሌላ ሐኪም ጠይቁ። መነሻ ልኬቱ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ውጭ አገር ልጅ ለምታሳድጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲያትል ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ ለትምህርት ቤት ቡድን ሲመዘገብ በየዓመቱ ስለ ራስ ጉዳት የሚናገር ወረቀት ትፈርማላችሁ። ያ ወረቀት ከዛካሪ ሊስቴት የመጣ ነው። በዋሺንግተን ስቴት የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ራሱን ተመትቶ በዚያው ጨዋታ ወደ ሜዳ ተመለሰ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ተርፎ ለመራመድ ዓመታት ፈጀበት። ስቴቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በስሙ ሕግ አወጣ፦ የተጠረጠረ ልጅ ይወጣል፣ የተፈቀደለት የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁሉም 50 ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ። ልጁ የሚመለሰው ወደ ኳስ ብቻ ሳይሆን ወደ መጽሐፍም ነው። በትልቁ የታተመ ወረቀት፣ በየ20 ደቂቃው እረፍት፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ትችላላችሁ። ታክሲና የጭነት መኪና የምታሽከረክሩም፣ ነገር ሁለት ሆኖ እየታያችሁ ወይም አንገታችሁን ስታዞሩ እየዞረባችሁ መሪ አትያዙ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ አዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የታወቀ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ኦፕቶሜትሪስቶችን ያሠለጥናል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ባለሙያ መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው የሚናገረው ነው። ክሊኒክ ገብቶ «ዓይኔን አመመኝ» ካለ ሰሌዳው ይነበብለታል፣ 6/6 ነህ ተብሎ ጠብታ ይዞ ይወጣል። ቴስታ ሲመታ ከሌላ ተጫዋች ጋር መጋጨቱ፣ ሞተር መጣሉ፣ ደረጃ ላይ መውደቁ ካልተነገረ ሐኪሙ ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ስትገቡ እንዲህ በሉ፦ «ከሦስት ሳምንት በፊት ራሴን ተመትቻለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት አነብ ነበር፣ አሁን 10 ደቂቃ ሳነብ ፊደሉ ይደራረባል። ሁለቱ ዓይኔ በቅርብ እንዴት እንደሚገጣጠም ይለኩልኝ።» ከዚያ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አጽፋችሁ ያዙ፤ በወሩ ስትመለሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።